ዶክተር ሩትቬልድና የሼህ ሰዒድ ኪታብ

የዶክተር ሩትቬልድን ሞት የሰማሁት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የአንድ ነጋዴ ውክልና ስተረጉም ነው። ኢሜይሉን የላከችልኝ ያስተምርበት ከነበረው ዩኒቨርሲቲ አንዲት ጸሐፊ ናት። በሥራ የሚያውቁት ሰዎች መልካም ትዝታቸውን በአንድ ገጽ እንዲጽፉ፣ ተሰብስቦም ለመታሰቢያው እንደሚታተም ትገልጻለች። «መልካም» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሙት ወቃሽ መሆን ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ «አላህ ያጽናችሁ» ብዬ መለስኩላትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ዝምታው ግን ሦስት ቀን እንኳ አልቆየልኝም። ሰውየውን ጠልቼው ነበር። ሞተ ሲሉኝም ጥላቻዬ እዚያው እንዳለ አገኘሁት።

መጀመሪያ ያየሁት ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። ያኔ በታሪክ ተመርቄ፣ የተመረቅኩበት ሥራ ጠፍቶ፣ ኡራኤል አካባቢ ባንዲት ጠባብ ክፍል ሰነድ እተረጉም ነበር። ሰው ጠቁሞት ነው የደወለልኝ። ቀጠን፣ ረዘም ያለ፣ መነጽሩን በክራቫቱ ጫፍ የሚወለውል፣ ሃምሳ የተሻገረ ፈረንጅ ነው። እኔ እስክደርስ ማኪያቶውን ሁለት ጊዜ አስመልሷል። አስተናጋጇ ሦስተኛውን ስታቀርብለት ቀና ብሎም አላያት።

«የማጠናው የእስልምናን የመጀመሪያ መቶ ዓመት ነው» አለኝ። «ስለ ሐበሻው ስደት ምን ታውቂያለሽ?»

ይህን የማያውቅ የሙስሊም ልጅ የለም። የነቢዩ ተከታዮች መካ ላይ መከራ ሲጠናባቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መምጣታቸውን፣ ንጉሡም አሳልፌ አልሰጣቸውም ማለቱን፣ ገና በልጅነታችን ነው የምንሰማው። እንደማውቀው እየነገርኩት ሳለ ሌባ ጣቱን አነሳ። ሰው ሲናገር እንዲያ ጣቱን አንስቶ ማስቆም ልማዱ ነበር፤ ኋላ ላይ በሽማግሌም በሹፌርም ፊት ሲያደርገው አይቻለሁ።

«ይሄ ሁሉ የተጻፈው ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው» አለ። «በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ከሌለ፣ ነገሩ አልሆነም።»

የብዕሩን ክዳን ጠረጴዛው ላይ ቋ ቋ እያደረገ ነበር የሚናገረው። «አልሆነም» ሲል ድምፁ ውስጥ አንድ ደስታ አለ። የሌላ ሰው ዕቃ ከእጁ ወድቆ ሲሰበር የሚደሰት ሰው ዓይነት ደስታ። መጠራጠሩ አልነበረም ያስከፋኝ። ታሪክ የተማረ ሰው ሲጠራጠር ብርቅ አይደለም። ሥራውን ግን ፈለግሁት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ አንድ የውጭ ምሁር እኔን መርጦ መደወሉ ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር።

የሚፈልገው በየሰው ቤት የተቀመጡ አሮጌ የዐረብኛ ኪታቦችን ነበር። ወደ ሼህ ሰዒድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ሼህ ሰዒድ የሰፈራችን ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ካዛንቺስ፣ አንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ክፍል ናት። ቀን ቀን ማጉያ መነጽራቸውን ባንድ ዓይናቸው ሰክተው የሰዓት ሆድ ሲጎረጉሩ ይውላሉ፤ ከዐስር ሰላት በኋላ ደግሞ ግቢያቸው ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ማንበብ እያስተማሩ ያስቀራሉ። እኔንም ያስቀሩኝ እሳቸው ናቸው። የልጃቸው የፋጡማ እኩያ ስለሆንኩ፣ እሳቸው ቤት የበላሁት እራት ከቤቴ አያንስም። ከአያታቸው የወረሱት አንድ ወፍራም ኪታብ ነበራቸው፤ የነቢዩን የሕይወት ታሪክ የያዘ፣ የሐበሻውም ስደት ያለበት።

ሩትቬልድ እንደገባ በዐረብኛ ሰላምታ ሰጣቸው። ሼህ ሰዒድ ፊታቸው በራ። ተነስተው፣ እጁን ጨብጠው፣ በዚያ ከኪታብ በተማሩት ጥርት ያለ ዐረብኛ ያዘንቡለት ጀመር፤ እንኳን ደህና መጡ፣ አገሩ እንዴት ነው፣ መንገዱስ፣ ማን ዘንድ ተማሩ? ሰውየው ዓይኑን አንዴ ወደ እሳቸው አንዴ ወደ እኔ አንከራተተ። ዐረብኛውን ያነበዋል እንጂ አይሰማውም። ደገሙለት። አሁንም አልገባውም። ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀላ።

«በአማርኛ ይሁን» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ቆጣ ብሎ። «አንቺ ትተረጉሚያለሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት የዐረብኛ ቃል በፊታቸው አልተነፈሰም። ሼህ ሰዒድ ያፈረ መሆኑ ገብቷቸው፣ እሳቸውም ወደ ዐረብኛ አልተመለሱም። ክብሩን ሊጠብቁለት ብለው ያደረጉት ነው። እሱ ግን በዚያች አምስት ደቂቃ ቂም የያዘባቸው ይመስለኛል። አንድ ሰዓት ጠጋኝ፣ ደረጃ ሥር፣ እሱ ዕድሜውን የፈጀበትን ቋንቋ እንደ ልቡ ሲናገረው ሰማ።

ወር ሙሉ ተመላለስን። ሩትቬልድ ሥራ ላይ ሰነፍ ነበር ብል እዋሻለሁ። ኪታቡን ከመንካቱ በፊት እጁን ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ጠዋት የተጎነበሰ ከሰዓት ድረስ ውኃ ሳይጠጣ ይቆያል። አንድን መጽሐፍ ከግርጌ ማስታወሻው ጀምሮ ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እስከዛሬም የማነበው እንደዚያው ነው። ይህንን መካድ አልችልም። ብክደው በወደድኩ።

ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ መሀል ተቀምጬ አስተላልፋለሁ። በእሱ አነጋገር ውስጥ ያልነበረውን «እርስዎ» እኔ እጨምርለታለሁ። «ጠይቂው» ሲለኝ «ዶክተሩ ሊጠይቁዎት ይፈልጋሉ» እላለሁ። «ሞኝነት ነው» ሲል «አልተስማሙበትም» እላለሁ። አሁን ሳስበው፣ ሼህ ሰዒድ የወደዱትን ሩትቬልድ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

«ንገሪያቸው» ይሉኛል ሼህ ሰዒድ። «ለመጠራጠር እኛን የቀደመን የለም በይልኝ። አንዲት ወሬ ለመቀበል፣ ማን ከማን ሰማ ብለን የእያንዳንዱን ተናጋሪ ጠባይ እንመረምራለን። አንዱ ውሸታም ከሆነ፣ አንዱ መርሳት ካበዛ፣ ወሬዋ ደካማ ናት ተብላ ትቀመጣለች።»

«ተናጋሪዎቹ ሁሉ አማኞች ናቸው» ይላል ሩትቬልድ። «የራሳቸውን ታሪክ ራሳቸው መሰከሩ። አልቀበልም።»

ሼህ ሰዒድ ማጉያውን ከዓይናቸው አውርደው ፈገግ አሉ። «ዶክተር፣ ምስክሩን ሁሉ ከችሎት አስወጥተው ሲያበቁ፣ ምስክር የለም ይላሉ።»

ይህን ስተረጉምለት አልሳቀም። ማስታወሻው ላይም አልጻፈውም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን የጻፈው ነገር ነበር። የኪታቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከጽሑፉ ማብቂያ በታች፣ ኪታቡ እጅግ ጥንታዊ መሆኑን የምትናገር አራት መስመር አለች። እሷን አምኖ ለሚያነብ ሰው ኪታቡ ከስደተኞቹ ዘመን ብዙም ሳይርቅ የተገለበጠ ይመስለዋል። ሩትቬልድ ሁለት ቀን ሲመላለስባት ሰንብቶ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሼህ ሰዒድ አይተውት ሲያበቁ ኪታቡን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት፤ ማጉያቸውንም አቀበሉት።

«ይቺን ካፍ የምትባል ፊደል ይዩአት» አሉ። «እዚህ ውስጥ ጸሐፊው ካፏን አናቷን ዘርግቶ ነው የሚጽፋት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቦታ እንኳ አልሳተም። እዚህ አራት መስመር ላይ ግን አጥፎ ነው የጻፋት። ቀለሙም በጎን ሲታይ ይለያል። የሌላ ሰው እጅ ነው። አያቴም አልደበቀንም፤ ኪታቡ ከፍ ተደርጎ እንዲታይለት አንድ መንገደኛ ጽፎበት ነው ብሎ ነግሮናል። ኪታቡ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። እኔም ለልጆቹ ስናገር ይቺን ወረቀት ማስረጃ አላደርጋትም።»

ተረጎምኩለት። ሩትቬልድ በማጉያው ካንዱ ካፍ ወደ ሌላው እየሄደ ብዙ ቆየ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። ሲወጣ ሼህ ሰዒድን ሳይሰናበታቸው ወጣ። እሳቸውም «ሐሳብ ላይ ናቸው፣ ተያቸው» አሉኝ።

ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው፣ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ምሁራን፣ የኤምባሲ ሰዎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተዋል። ሼህ ሰዒድም ተጠሩ። ካፖርታቸውን አስተኩሰው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አዲስ ጠምጥመው፣ ከፋጡማ ጋር መጡ። የፊት ወንበር ሰጧቸው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ በቀኛቸው ተቀምጬ በሹክሹክታ እተረጉምላቸዋለሁ፤ ፋጡማ በግራቸው ናት።

ሩትቬልድ በደንብ ይናገራል። ሰው ማሳቅ ያውቃል። የኪታቡን የመጨረሻ ገጽ ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳየና ጣቱን አነሳ።

«ባለቤቱ እዚህ አሉ» አለ። «ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሰዓት ይጠግናሉ። ይህ መጽሐፍ የስደተኞቹ ዱካ ሳይደርቅ የተጻፈ ነው ብለው በሙሉ ልባቸው ነገሩኝ። ሰዓት እንዲህ ወደ ኋላ ሲቀር የሚጠግነው ማነው?» አዳራሹ ሳቀ። «እኔ ግን ፊደሎቹን መረመርኩ» ብሎ ቀጠለና፣ ካፏን አሳየ።

ሼህ ሰዒድ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ሰዓትን በእንግሊዝኛ ሲጠሩ ሰማሁ፤ ስለ እኔ ነው? ምን አሉ?»

ቀና አልኩ። ሩትቬልድ ከመድረኩ ላይ፣ በመነጽሩ አናት በኩል፣ እኔን እያየኝ ነበር።

«አመሰገኑዎት» አልኳቸው።

ሼህ ሰዒድ ተነሱ። ወደ አዳራሹ ዞረው፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በትሕትና ጎንበስ አሉ። ያኔ ሳቁ ጨመረ። አንዳንዱ አጨበጨበ። እሳቸውም ጭብጨባውን ሰምተው እንደገና ጎንበስ አሉ። ሩትቬልድ ራሱ ከመድረኩ አጨበጨበላቸው።

በዓመቱ ጽሑፉ ታትሞ ደረሰኝ። ላይዋ ላይ በእጁ «ለፋይልሽ» ብሎ ጽፎባታል። ልደብቃት አስቤ ነበር። ነገር ግን አንድ ተማሪ ቀድሞኝ ለሼህ ሰዒድ ነግሯቸው ኖሮ፣ «አምጪና አንብቢልኝ» ብለው ላኩብኝ። ሱቃቸው ቁጭ ብዬ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ያን ቀን ምንም አላስቀረሁም። የዋህ፣ በወሬ የተሞላ፣ መመርመር ያልለመደ ባለቤት፤ ይህ ሁሉ እሳቸው ናቸው። እጃቸው ላይ የተከፈተ ሰዓት ነበር። አንዲት ብሎን ወደቀችባቸው፤ አላነሷትም።

«ካፏንስ?» አሉ። «ካፏን ያየ ማነው ይላል?»

«እሱ ራሱ።»

«እንግዲህ እሱም አይቷታል» አሉ። «ውሸት ነው ለማለት አይመችም።»

ስለ አዳራሹ ቀን ምንም አልጠየቁኝም። ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ግን ወረቀት አምጪና ጻፊ አሉኝ። ሦስት ገጽ ደብዳቤ አስጻፉኝ። ስድብ የለበትም፤ ምሬትም የለበትም። ጽሑፉ ውስጥ የተሳሳተባቸውን አምስት ቦታዎች ከነማስረጃቸው ዘርዝረው፣ መጨረሻ ላይ «የተናገርኩትን ከነተናጋሪው ቢያስቀምጡልኝ፤ በእኛ ዘንድ ወሬ ያለ ተናጋሪው አይጸናም» አሉ። ተርጉሜ ላክሁ።

መልሱ ሁለት መስመር ነበር። «ደብዳቤው ደርሶኛል። የግል ስሜትንና ምርምርን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።»

ሳነብላቸው ሼህ ሰዒድ ሳቁ። ሲስቁ የላይኛው ጥርሳቸው መጉደሉ ታየኝ፤ ከዚያ በፊት አስተውዬው አላውቅም። ወረቀቷን አጥፈው የሰዓት ማሰሪያ ከሚያስቀምጡባት ሳጥን ውስጥ ጨመሯት። ሰው ሲያነሳባቸው «ዶክተሩ ሥራቸውን ሠሩ» ብለው ያልፉታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልባቸው ደክሞ፣ በፋጡማ እጅ ላይ ዐረፉ። እስኪሞቱ ድረስ እኔን «ልጄ» ማለት አልተዉም። እኔ ግን ሱቃቸው መግባት እያስፈራኝ፣ በሌላው መንገድ ዞሬ የማልፍባቸው ቀናት ነበሩ።

ሩትቬልድ የተመለሰው ከዚያም ወዲያ ነው። እኔ ቢሮዬን ለገሃር አዛውሬያለሁ፤ ካዛንቺስ በየቦታው እየፈረሰ በየቦታው ይገነባል። ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ ሸምግሏል፤ ሰላምታው ግን ያው ነው፤ የለም።

«መጽሐፉን እንደገና ማየት እፈልጋለሁ» አለ። «ቀጠሮ ያዢልኝ።»

«ሼህ ሰዒድ ሞተዋል» አልኩት።

የሚያዝን መስሎኝ ነበር።

«መጽሐፉስ?» አለኝ። «አልተበላሸም?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ፈልጌ ነበር። ለፋጡማ ሳልነግራት መዝጋት ግን የእኔ መብት አልመሰለኝም። ደወልኩላት። ፋጡማ ነርስ ናት፤ ቆራጥ ሴት፤ ነገር አታስረዝምም።

«ይምጣ» አለችኝ። «አባዬ ኪታብ ለጠየቀ አይከለከልም ይል ነበር።»

ከኡራኤል ጀርባ ባለው አሮጌ ቤታቸው ተቀበለችን። ሩትቬልድ በምርኩዝ ነው የመጣው። እጁን ታጠበ፤ ሁለት ጊዜ። ተቀመጠና ኪታቡን ከፈተ። አንድ ሰዓት ያህል ገጽ ሲገልጥ ቆየ። ፋጡማ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እጆቹን ታያለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ካሜራውን ከቦርሳው አወጣ።

«አንዴ ይቆይ» አለች ፋጡማ። «ሐያት፣ ጠይቂልኝ። የካፏን ነገር መጀመሪያ ያሳየው ማነው?»

ምንም «እርስዎ» ሳልጨምርበት ጠየቅሁት።

ሩትቬልድ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ወለወለ። «እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይናገራል» አለ። «የሚቆጠረው የጻፈው ነው። ሰውየው የሚናገረውን ነገር ክብደት እንኳ አያውቀውም ነበር።»

«ምን አለ?» አለችኝ። «ሳታሳምሪ።»

ነገርኳት። አንዲት ቃል አላለሰለስኩም። ፋጡማ ተነስታ ኪታቡን ከፊቱ አነሳች፤ ዘጋችው፤ በጨርቁ ጠቀለለችው።

«አይቶታል» አለች። «ፎቶ የለም። በቃ።»

ይህንንም ነገርኩት። ፊቱ እንደ ድሮው ቀላ። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳና ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ያልኩትን በትክክል ተርጉመሽላታል?» አለ። «ሴትየዋ ያለምክንያት ተቆጣች።»

«ዛሬ በትክክል ተርጉሜያለሁ» አልኩት።

አልገባውም፤ ወይም ሊገባው አልፈለገም። ሰላም ዋሉ ሳይል፣ በግቢው ጠጠር ላይ በምርኩዙ ቀስ እያለ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ይኸው ሞተ አሉኝ።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ፋጡማ ኪታቡን እንደ ሕፃን ታቅፋው መሀል ቤት ቆማለች። ሆስፒታል ውስጥ ስትሠራ ጥቂት እንግሊዝኛ ለምዳለች፤ አጫጭሩ ንግግር ይገባታል።

«ዛሬ ነው ያልሽው» አለችኝ። «ዛሬ ማለት ምንድነው? ሌላ ቀንስ?»

ተቀመጥኩ። የአዳራሹን ቀን ነገርኳት፤ ሩትቬልድ ስለ አባቷ ያለውን፣ ሰዉ የሳቀበትን፣ እኔ ደግሞ በጆሯቸው ያንሾካሾኩትን።

«እኔ አጠገቡ ነበርኩ» አለች ፋጡማ። «ያኔ እንግሊዝኛው አይገባኝም ነበር። አባዬ ተነስቶ ሲያመሰግን ሰዎቹ ለምን እንደሚስቁ ግራ ገብቶኝ፣ አብሬያቸው ሳቅሁ። ለምን ዋሸሽው?»

እንዳያፍሩ ብዬ ነው፣ አዝኜላቸው ነው፣ እያልኩ ለራሴ ስነግር የኖርኩት መልስ ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ሰውየው እያየኝ ነበር» አልኳት። «ፈራሁት። ከእሱ ጋር መቆም ፈልጌም ነበር።»

ኪታቡን ወደ ሣጥኑ መለሰችው፤ ቁልፉን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ይሄንን» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ሐያት መጥታ ትነግረኛለች እያለ፣ አባዬ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ዓመታት ጠብቆሽ ነበር።»